ሥዕሉን ማን ያናግረው? ለሕፃናት መጽሐፍ ስንመርጥ

ባለፈው ክረምት ከጎንደር ወደ ዳባት ስጓዝ ለእህቴ ልጅ አንድ መጽሐፍ ገዝቼ ነበር። ልጅቱ አራት ዓመቷ ነው። መጽሐፉን የመረጥሁት በሦስት ምክንያት ነው፦ ወረቀቱ ያብለጨልጫል፣ ቀለሙ ብዙ ነው፣ በየገጹም የእንግሊዝኛ ፊደል አለበት። ሻጩም «ልጅን ቶሎ የሚያስነብብ ይህ ነው» ብሎ አበረታታኝ። ማታ ከእራት በኋላ መጽሐፉን ከፈትን። ልጅቱ በዋልታ አካባቢ ሰዎች ከበረዶ የሚሠሩትን ክብ ጎጆ አይታ «ጋሼ፣ ይኼ ምድጃ ነው?» አለችኝ። «አይደለም፤ ቤት ነው» አልኋት። ዝም አለች። ቀጥሎ ከበረዶ የተሠራ ሰው መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ ባለ ሸራ ጀልባ። እኔ እናገራለሁ፤ እሷ ትሰማለች። እናቷ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ታየናለች፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነውና አንድም ቃል ጣልቃ አላስገባችም። ጥቂት ገጾች እንደ ሄድን ልጅቱ ተነሥታ ሄደች።

ተመልሳ የመጣችው የታላቅ ወንድሟን የ1ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዛ ነበር። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ማዕዘኑ ታጥፏል። በገለጠችው ገጽ ላይ አንዲት ዶሮ ከነጫጩቶቿ ተሥላለች። «ይቺ የኛ ዶሮ ናት። ጫጩቶቿን ጭልፊት ወስዶባታል» አለች። ያን ጊዜ እናቷ ከተቀመጠችበት ሆና «ስንት ወሰደባት?» ስትል ጠየቀቻት። ልጅቱ ሥዕሉን በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ «ሁለት። አንዱን ግን አባዬ አስጥሎታል» ብላ መለሰች። ጨዋታው መብራት እስኪጠፋ ድረስ ቀጠለ።

ለመጽሐፌ የከፈልሁት ገንዘብ አልቈጨኝም ብል ውሸት ይሆናል። ይሁን እንጂ ከገንዘቡ ይበልጥ ያሳሰበኝ፣ ሳይንስ ተምሬ ሳለ መጽሐፉን በምን መመዘኛ እንደ መረጥሁት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ለትንሽ ልጅ የሥዕል መጽሐፍ የሚመረጠው በፊደሉ ብዛት፣ በወረቀቱ ጥራት ወይም በመጣበት አገር ሳይሆን፣ ልጁንና አብሮት የሚቀመጠውን ሰው ምን ያህል ያነጋግራል በሚለው መሆን አለበት። ጉዳዩ የወላጆች ብቻ አይደለም። በሰሜን ጎንደር ደጋ በብዙ ቤት መጽሐፍ ይዞ የሚገባው ከከተማ የሚመለሰው ተማሪ ስለ ሆነ፣ መራጮቹ እናንተ ናችሁ።

ሥዕል ማየትም ትምህርት ነው

ብዙዎቻችን ሥዕል እንደ ፊደል የሚማሩት ነገር አይመስለንም። ዐይን ያለው ሁሉ በሬ የተሣለበትን ወረቀት አይቶ በሬ ነው የሚል ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1972 ጃን ዴሬጎቭስኪ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኙት በምኢኒት ሕዝብ ዘንድ ያደረገው ጥናት ይህን ግምት ፈትኖታል። በዚያን ጊዜ ወረቀትም ሆነ ሥዕል ለተመራማሪዎቹ ጠያቄዎች መልስ ለሰጡት ሰዎች እንግዳ ነበር። ወረቀት ሲሰጣቸው አንዳንዶቹ ያሸትቱት፣ ያጨማድዱት ነበር፤ ማለትም ወረቀቱን ራሱን እንጂ በላዩ ያለውን ሥዕል አልተመለከቱም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የእንስሳቱን ሥዕል በሚያውቁት ነገር፣ በጨርቅ ላይ፣ ጎላ አድርገው አተሙት። ብዙዎቹ ተመልካቾች እንስሳውን ለዩት፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ለመለየት ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ መጀመሪያ ጅራቱን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ ቀጥሎ ቀንዱን እያሉ ነበር የደረሱበት።

ከዚህ ጥናት ሰዎቹ አላዋቂ ነበሩ የሚል ድምዳሜ የሚያወጣ ሰው ነገሩን አልተረዳውም። የሚያስተምረን፣ ሥዕልን ማየት ለእኛ የቀለለን በልጅነታችን አንድ ሰው እያሳየ ስላስለመደን መሆኑን ነው። ጁዲ ዴሎክ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የ9 ወር ሕፃናት በመጽሐፍ ላይ የተሣለውን ዕቃ በእጃቸው ይዘው ለማንሣት እንደሚሞክሩ አሳይተዋል። ይህም በአሜሪካም ሆነ በኮትዲቯር ገጠር በሚያድጉ ሕፃናት ላይ ታይቷል። በ19 ወር ገደማ ግን ሕፃኑ መያዙን ትቶ በጣቱ ማመልከት ይጀምራል። በእነዚህ ወራት መካከል ሕፃኑ ሥዕል የነገር ምልክት እንጂ ነገሩ ራሱ እንዳልሆነ ተምሯል ማለት ነው።

የጎንደር ሰው ይህን ከጥንት ጀምሮ በተግባር ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ከጣሪያው ከ100 በላይ የመላእክት ፊቶች ሲመለከቱት ያያል። በግድግዳው ላይ ካሉት ሥዕሎች መካከል ግን አንዳንዶቹ ፊታቸው ሙሉ ሆኖ ሁለት ዐይናቸው ሲታይ፣ ሌሎቹ በጎን ተሥለው አንድ ዐይን ብቻ ይታያቸዋል። በአገራችን የአሣሣል ልማድ ሙሉ ፊት የቅዱሳን፣ የጎን ፊት የክፉዎች መለያ ነው። ይህን ደንብ ሕፃን ልጅ ከሥዕሉ ብቻ ሊያውቀው አይችልም፤ አያቱ ወይም እናቱ በጣት እያመለከተች ትነግረዋለች። እንግዲህ አገራችን የሥዕል መጽሐፍ በማተም ኋላ ቀርታ ይሆናል እንጂ፣ ትልቅና ትንሽ ጎን ለጎን ቆመው ሥዕል በማንበብ ረገድ የቆየ ልምድ አላት።

ቃል ይቅደም ወይስ ፊደል?

ወላጆች ፊደል የበዛበትን መጽሐፍ የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የፊደል ገበታችን 33 ተራ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። በየቄስ ትምህርት ቤቱ «ሀ ሁ» እያሉ ከመጣንበት ልማድም የተነሣ፣ ፊደል የለየ ልጅ መንገዱን እንደ ጨረሰ እንቈጥረዋለን። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ፊደል ሳይቈጥሩ ቀርተው አይደለም። ፊደሉ የሚጠራው ቃል በልጁ ጆሮና ልብ ውስጥ አስቀድሞ ካልተቀመጠ፣ ድምፅ መልቀም ብቻውን ንባብ አይሆንም።

ቃል በልጅ ልብ የሚቀመጠው ደግሞ በመስማት ብቻ ሳይሆን በመመላለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ግሮቨር ኋይትኸርስትና ባልደረቦቹ 30 ያህል ከ2 እስከ 3 ዓመት ገደማ የሆኑ ልጆችን በሁለት ቡድን ከፈሏቸው። የሁለቱም ቡድን ወላጆች ለአራት ሳምንት ያህል በእኩል መጠን ለልጆቻቸው መጽሐፍ አነበቡ። ልዩነቱ አንድ ነበር፤ የአንደኛው ቡድን ወላጆች እያነበቡ «ይህ ምንድን ነው? ምን እያደረገ ነው? ከዚያስ?» ብለው እንዲጠይቁና የልጁን መልስ አስፍተው እንዲመልሱለት ተምረዋል። በአራት ሳምንት ውስጥ የእነዚህ ልጆች የመናገር ችሎታ እንደ መለኪያው ዓይነት ከ6 እስከ 8 ወር ተኩል በሚደርስ ዕድሜ ቀድሞ ተገኘ። የተነበበው መጠን እኩል ነው፤ የተለየው ልጁ የተናገረው መጠን ነው።

በእኛ አገር ይህን የመሰለ ጨዋታ አለ፤ እንቆቅልሽ ነው። አንዱ «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው ካቃተው አገር ይሰጣል። እንቆቅልሽ ያለ ተጠያቂ አይሆንም። መልካም የሥዕል መጽሐፍም እንዲሁ ነው፤ አንባቢው ብቻውን ሊጨርሰው የሚችል መጽሐፍ ለትንሽ ልጅ ገና ሙሉ አይደለም።

በአንድ ገጽ ላይ አንድ ነገር

ምርጫው እንዴት ይሁን ለሚለው ጥያቄ ምርምር የሰጣቸው ጠቃሚ መልሶች አሉ። አብዛኞቹ ዓይናችንን የሚማርከውን ነገር እንድንጠራጠር ያደርጉናል።

በእንግሊዝ አገር በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዞዪ ፍላክና ጄሲካ ሆርስት እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ መጽሐፍ ሲዘረጋ በአንድ ጊዜ አንድ ሥዕል ብቻ የሚያዩ ትንንሽ ልጆች አዲስ ቃል ይይዛሉ፤ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ሲቀርብላቸው ግን ከየትኛው ሥዕል ጋር ቃሉን እንደሚያያይዙ ይቸገራሉ። አንባቢው በእጁ ምልክት ትክክለኛውን ገጽ ሲያመለክት ችግሩ ይቃለላል። ስለዚህ ገጹ በሥዕል የታጨቀ መጽሐፍ ከገዛን፣ ጣታችን ሥራ አይፈታም። ሲገለጥ ተነሥቶ የሚቆም ወይም የሚሳብ ወረቀት ያለበት መጽሐፍም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት ትንንሽ ልጆች ከእንዲህ ያለው መጽሐፍ የተማሩት ከተራው መጽሐፍ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ልጁ በወረቀቱ ይጫወታል፤ ነገሩን ይረሳል። እዚህ ላይ ወረቀቱን ያሸተቱትን የምኢኒት ሰዎች እናስታውስ፤ ዕቃው ሲደምቅ ምልክቱ ይደበዝዛል።

የሥዕሉ አሣሣልም ይመዘናል። ፓትሪሺያ ጋኒያና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ15 እስከ 18 ወር በሆኑ ሕፃናት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በመጽሐፍ የተማሩትን የዕቃ ስም በገሃዱ ዕቃ ላይ ለመጠቀም የቀለላቸው ሥዕሉ ነገሩን በሚገባ ሲመስል ነው። ፎቶግራፍና ጥንቃቄ የተሞላበት ሥዕል ከካርቱን ይሻላሉ ማለት ነው። ልጁ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ይህ ጥብቅ መሆኑ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ታሪክ ያለው፣ አንዱ ገጽ ሌላውን የሚያስከትል መጽሐፍ ይፈልጋል።

ከቤተ ሙከራ ውጭ የሆነ አንድ መመዘኛ ደግሞ ከራሳችን ኑሮ ልጨምር። በደጋው ገጠር ቤተሰብ የሚሰበሰበው ሲመሽ ነው። መብራቱ ኩራዝ ወይም ትንሽ የፀሐይ ኃይል መብራት ሊሆን ይችላል። በሱቅ ውስጥ በደማቅ ብርሃን ያማረ ደቃቅ ሥዕል በዚያ ብርሃን አይታይም። መስመሩ ወፍራም፣ ሥዕሉ ትልቅ፣ ከጀርባው ያለው ቀለም ንጹሕ የሆነ መጽሐፍ ምረጡ። ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ ተመልከቱት፤ ከዚያ ካልታያችሁ ለማታው አይሆንም።

ጭላዳ ሱሪ ሲለብስ

ሌላው ጉዳይ እውነትና ተረት ነው። ጋኒያና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆኑ ልጆች ስለማያውቋቸው እንስሳት መጽሐፍ አነበቡላቸው። በአንዳንዱ መጽሐፍ እንስሳቱ እንደ ሰው ይናገራሉ፤ በሌላው ግን እንደ ተፈጥሯቸው ተገልጸዋል። እንስሳቱ እንደ ሰው ሲናገሩ የሰሙት ልጆች ስለ እውነተኛው እንስሳ የያዙት ዕውቀት አነስተኛ ሆነ፤ የሰውን ጠባይም ለእንስሳው መስጠት አበዙ።

ይህን ይዘን ተረታችንን እንጣል ማለት አይደለም። ጅብና አህያ፣ ጦጣና አንበሳ እየተነጋገሩ ያሳደጉን ልጆች ነን። የምለው፣ የተረት መጽሐፍና የዕውቀት መጽሐፍ እንዳይደበላለቁ ነው። ስለ ጭላዳ የሚያስተምር መጽሐፍ ጭላዳውን ሱሪ አልብሶ ሙዝ ካስያዘው፣ ለጃናሞራና ለደባርቅ ልጅ ውሸት ነግሮታል። ጭላዳ በዋነኛነት ሣር በሊታ ነው፤ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር እየነጨ ይበላል፤ ሲመሽ በገደል አፋፍ ላይ ያድራል፤ በደረቱ ላይ ቀይ ገላጣ ቆዳ አለው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በሌላ አገር በዱር አይገኝም። ይህን ሁሉ የገብስ ማሳ የጠበቀ የሰባት ዓመት ልጅ በዐይኑ አይቶታል። መጽሐፉ እውነቱን ሲያሳየው ልጁ መምህር ይሆናል፤ ለታናሹ ያስረዳል። በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ የሚያድግ ልጅ፣ ዋልያና ጅብራ የሌሉበት ዝሆንና ቀጭኔ ብቻ የሞሉበት መጽሐፍ ሲሰጠው፣ የራሱ አገር መጽሐፍ ውስጥ ለመግባት የማይበቃ ይመስለዋል።

በሌላ በኩል የማያውቀውን ዓለም አታሳዩት ማለትም ስሕተት ነው። የበረዶው ጎጆ ጥፋቱ እንግዳነቱ ሳይሆን ብቻውን መምጣቱ ነው። በሰሜን ተራሮች አናት ላይ የክረምት በረዶ ያየ ልጅ፣ «ያን በረዶ እንደ ድንጋይ ጠርበው ቤት የሚሠሩ ሰዎች አሉ» ቢባል ዐይኑ ይበራ ነበር። ያን ማታ ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ ልጅቱ ምድጃ ብላ ድልድይ ሠርታልኝ ነበር፤ እኔ «አይደለም» ብዬ አፈረስሁት። «ልክ ነሽ፣ ምድጃ ይመስላል፤ ግን ከምን የተሠራ ይመስልሻል?» ማለት ነበረብኝ።

ማንበብ የማትችል እናት

ከሁሉ በላይ ክብደት የምሰጠው መመዘኛ ይህ ነው፦ በዚያ ቤት ያለው ትልቅ ሰው በዚህ መጽሐፍ ሊናገርበት ይችላልን? በደጋው ብዙ እናቶች ፊደል አልቈጠሩም። እኛም «ማንበብ ስለማትችል መጽሐፍ ለእሷ አይሆንም» ብለን እናልፋለን። ኋይትኸርስት የለካው ጥቅም ግን የመጣው ከጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ከጥያቄና መልሱ ጭምር ነው። ጽሑፍ የሌለበት ወይም ጥቂት ጽሑፍ ያለበት፣ ሥዕሉ ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ እናቲቱን ከአድማጭነት ወደ ተራኪነት ይመልሳታል። ምጣዱን፣ ሙቀጫውን፣ የጫጩቱን ነጣቂ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በፊደል የተዘጋባት መጽሐፍ በሥዕል ይከፈትላታል።

አንድ መጽሐፍ መደጋገሙም አያስጨንቀን። ሆርስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳረጋገጡት፣ ያንኑ ታሪክ ደጋግመው የሰሙ የ3 ዓመት ልጆች አዲሶቹን ቃላት ሲይዙ፣ ቃላቱን በተለያዩ ታሪኮች ውስጥ በእኩል ቍጥር የሰሙት ልጆች ግን ያን ያህል አልያዙም። ይህ ለድኻ ቤት የምሥራች ነው። ልጅ ለመጀመር ሙሉ መደርደሪያ አያስፈልገውም፤ በደንብ የተመረጡ ሁለትና ሦስት መጻሕፍት ይበቁታል። በደንብ የተመረጡ የሚለው ቃል ክብደቱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ምን እናድርግ?

መንገዱን ያሳዩን ሰዎች አሉ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳለ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ማጣቱ አሳስቦት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያ ሕፃናት መጻሕፍትና ትምህርት ድርጅትን መሠረተ፤ በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በ2005 ደግሞ በአዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። በዚያው ዓመት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት ጀመሩ። በጎንደር ደግሞ በፋሲለደስ ትምህርት ቤትና በአንድ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት መካከል እ.ኤ.አ. በ1996 በተጀመረ ወዳጅነት ላይ ሊንክ ኢትዮጵያ ተመሥርቶ ትምህርት ቤቶችን ሲያግዝ ቆይቷል። ከ2014 ጀምሮ አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ሥራ አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች የሥዕል ታሪኮችን ማንም በነፃ አትሞ እንዲጠቀምባቸው ያቀርባል።

እነዚህን ሁሉ የሚያገናኝ እጅ ግን ይጎድላል። ያ እጅ ተማሪው ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ብዙ ልጆች ፊደል መቍጠሪያ ዕድሜያቸው ከቤት ሳይወጡ አልፏል። የትምህርት ቤት በር በተዘጋበት ጊዜ ለልጅ የሚቀርለት ቤቱ ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ያለው አንድ መጽሐፍ ያኔ ጌጥ አይደለም።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ወገራ፣ ወደ ደምቢያ፣ ወደ አርማጭሆ ስትመለሱ ይህን አድርጉ። መጽሐፍ ስትገዙ ሽፋኑን አይታችሁ አትክፈሉ፤ አንድ ገጽ ገልጣችሁ ለአራት ዓመት ልጅ የምትጠይቋቸው ሦስት ጥያቄዎች ወደ አእምሯችሁ ይመጡ እንደሆነ ተመልከቱ። ካልመጡ መልሱት። ገንዘብ ካጣችሁ ስምንት ገጽ ወረቀት አጥፋችሁ ስፉና በየገጹ አንድ አንድ ነገር ሣሉ፦ ዶሮዋን፣ እንሥራውን፣ ጭላዳውን፣ በገደሉ ላይ የቆመውን ዋልያ። የባዮሎጂ ተማሪ የእንስሳውን አካል በትክክል መሣል የተማረው ለፈተና ብቻ አይደለም። ከዚያ መጽሐፉን ለእናታችሁ ስጧትና እናንተ ዝም በሉ።

እኔ በሚመጣው ክረምት ወደ ዳባት የምይዘው መጽሐፍ ገና አልተገዛም፤ እየሣልሁት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ዶሮ ናት፤ ሁለተኛው ገጽ ጭልፊት። ሦስተኛውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የምታውቀው የእህቴ ልጅ ናትና።